ከእጣቢው ይልቅ ቁራጩ

ይድረስ ለወንድም ጋሼ፤

ከአባባ ሳንባ የተቀዳው ውሃ ውጤት ባለፈው ሳምንት መጣ፤ ምንም አልተገኘበትም። አንተስ እንዴት ከርመሃል? እኛ ደህና ነን።

ሐኪሟ ግን አትዘናጉ ብላናለች። በቀጭን ቱቦ ውሃ አስገብተው ሳንባውን አለቅልቀው ነበር መልሰው የቀዱት። ይህ ብዙም አያሳምም፤ ነገር ግን በራጅ የታየችው እብጠት ካንሰር ብትሆንም ውሃው ላይ ላይታይ ይችላል። ከእብጠቷ ትንሽ ሥጋ በመርፌ ቢወሰድ የበለጠ ያስተማምናል፤ ችግሩ ሊደማ መቻሉ ነው።

እኔ መርፌውን ፈርቼ "ውሃውን ይድገሙልን" ልል ስል አባባ ቀድሞኝ ሐኪሟን እንዲህ አላት፦

"የኔ ልጅ፣ አርባ ዓመት ልብስ ሰፍቻለሁ። የታጠበበትን ውሃ አይተሽ ጨርቁን አታውቂውም። ቁራጭ ውሰጂ!"

ሐኪሟ ሳቀች። "እሺ አባባ፤ መቀሱን ግን ለእኔ ይተዉልኝ።"

ከዚያ ወዲህ ሱቁን በማለዳ ይከፍታል። የደንበኞቹን ልብስ ሁሉ ጨርሶ አስረክቧል፤ አዲስ ሥራ አልተቀበለም። አሁን የያዘው ያንተን የሠርግ ሙሉ ልብስ ነው። ሠርጉ ገና ስምንት ወር ይቀረዋል ስለው "አውቃለሁ" አለኝ። ስለዚህ የወገብህን ልክ ቶሎ ላክ። ስፌቱ ውስጥ ሦስት ጣት ትርፍ ጨርቅ ሊተውልህ ነው።

"ካገባ በኋላ መወፈሩ አይቀርም" ይላል፤ "ያኔ እኔው አሰፋለታለሁ።"

ሁላችንም በናፍቆት ሰላም ብለንሃል፤ ጤናህን ጠብቅልን። ቁራጩ የሚወሰደው ሐሙስ ጠዋት ነው፤ ውጤቱ በአሥረኛው ቀን ይደርሳል።

እህትህ