ለወንድም ጋሼ ያዘዝኩት እንፋሎት

ጥቅምት 4
ቅጠል መሸጫ ሱቄ ውዬ መጣሁ። የባሕር ዛፉ ቅጠል በደንብ ደርቋል። ከሰዓት ወንድም ጋሼ ከአናጢነት ሥራው መጣ፣ ፂሙ ሰጋቱራ እንደለበሰ። ሳይነሱ ተነሥቶበታል። አፍንጫው ድፍን፣ ግንባሩ ከብዶታል። ክሊኒክ ሂድ ለማለት እንኳ አልሞከርኩም። ሐኪም ቤት ማለት ለሱ አባታችን ገብተው ያልወጡበት ቤት ነው። ባሕር ዛፍና ዝንጅብል ቋጥሬ ሰጠሁት። ፎጣ ተከናንቦ ጠዋትና ማታ በእንፋሎቱ እንዲታጠን፣ ፊቱን እንዳያቃጥል ራቅ እንዲል ነገርኩት። መልሱ ያው የዘወትሩ ነው፤ እጅሽ መድኃኒት ነው። ደስ አለኝ... ለምን እዋሻለሁ?

ጥቅምት 6
አፍንጫው ተከፈተ አሉ። ቀብረር ብዬ ዋልኩ።

ጥቅምት 9
ጠዋት የወንድሜ ሚስት ደወለች። ትኩሳት አለው፣ የግራ ዓይኑ ቆብ አብጧል። ጉንፋን ጨምሮበት ይሆናል፣ ግንባሩን የጥቁር አዝሙድ ዘይት ቀቢው አልኳት። ድምፄ የባለሙያ ነበር። ዓይንን ከሳይነስ ምን አገናኘው? አላውቅም። አላውቅም ማለቱ ግን አልወጣልኝ አለ። ቀኑን ሙሉ ለደንበኛ የተሳሳተ ቅጠል ስመዝን ዋልኩ።

ጥቅምት 10
ምሳ ሰዓት ላይ ሱቁን ዘግቼ ሄድኩ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጧል። የግራ ዓይኑ ሊደፈን ምንም አልቀረውም። ቀና ብሎ አየኝና ፈገግ አለ።
"ዛሬስ ሁለት ሆነሽ መጣሽ።"
ቀልዱን መስሎኝ ነበር። የምሩን ነው። ሁለት ሆኜ ነው የታየሁት። ሚስቱ እኔን ታያለች፣ እኔ ግድግዳውን። ምን እናድርግ አለችኝ። የምጠራው ቅጠል አጣሁ... ታክሲ ጥሪ አልኳት። እሱ አሻፈረኝ አለ፣ እዚሁ ልሙት አለ። ተንበርክኬ ጫማውን አሰርኩለት። አላየኝም። ግን ተነሣ።

ሐኪሟ ልጅ እግር ናት። ከሳይነሱ የተነሣው መግል ዓይኑ ጀርባ ገብቷል፣ ዛሬውኑ ኦፕራሲዮን መሆን አለበት አለች። ቤት ውስጥ ምን ሲወስድ ነበር ብላ ጠየቀችን።
"ምንም" አልኩ።
የወንድሜ ሚስት ቀና ብላ አየችኝ። አላጋለጠችኝም። የደበቅኩት ነገር ቢጎዳውስ? ከማደንዘዣው ጋር ባይስማማስ? አልጋውን መግፋት ሲጀምሩ ኮሪደሩ ላይ ሮጥኩ። ሐኪሟን አስቁሜ ሁሉንም ተናዘዝኩ። እንፋሎቱን፣ ዘይቱን፣ ቅጠል ሻጯ እኔ መሆኔን።
"ያሳበጠው እንፋሎቱ አይደለም" አለችኝ። "ዓይኑ ካበጠ በኋላ ግን አንድ ቀን እንኳ መጠበቅ አልነበረባችሁም።"
አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።

ጥቅምት 11
ነፍሱ ተርፋለች። ዓይኑ እንጃ።

ጥቅምት 14
ፋሻው ተነሣ። ቀኝ ዓይኑን ሸፍነው ጣት አሳዪው አሉኝ። ሦስት ጣት አነሣሁ። ቆየ... በጣም ቆየ። ሦስት አለ። ዘወር ብዬ አለቀስኩ።

ሰዉ ሲወጣልን ጥፋቴን ልነግረው ጀመርኩ። ሚስቱ ስትደውል ፈርቼ እንደነበር፣ እያፈርኩ ዝም እንዳልኩ። አላስጨረሰኝም።
"እኔም እኮ ፈርቼ ነው አንቺ ጋ የመጣሁት" አለኝ። "ቅጠልሽን አምኜ እንዳይመስልሽ።"
ይህን ሁሉ ዓመት እጅሽ መድኃኒት ነው ሲለኝ... ለካ ሁለታችንም እየሸሸን ነበር።

ኅዳር 2
አንዲት ሴት ለባሏ ባሕር ዛፍ ልትገዛ መጣች። ሳይነስ ነው። ዓይኑስ አልኳት። ከትናንት ጀምሮ አበጥ ብሏል አለች፣ እንደ ዋዛ። ይሄ በኔ እጅ አይድንም፣ አሁኑኑ ሐኪም ቤት ውሰጂው አልኳት። ታዲያ ሱቁን ለምን ከፈትሽው ብላ ተነጫንጫ ወጣች። በመስኮት አየኋት። መንገዱን ተሻግራ ወደ ሌላው ቅጠል ሻጭ አቀናች።

ሱቁን ሳልቆልፍ ተከተልኳት።