ወደ ግራዋ የመታሽው ኳስ

ልጄ ታምታ፣ ቅዱስ ጊዮርጊስ ከክፉ ሁሉ ይሰውርሽ። እዚህ ኩታይሲ ደህና ነን፤ ወይኑን ግን በረዶ መታው፣ አባትሽንም ሳሉ አልለቀቀውም።

ከጆርጂያ ወደ አውሮፓው የሴቶች ማጣሪያ የሚገባው የሊጉ ሻምፒዮን ብቻ ስለሆነ፣ እህትሽ ኑጻ ዓመቱን ሙሉ በረኛ ሆና የለፋችው ለዚሁ ነበር። ዕጣው ከአንቺ የውጭ አገር ክለብ ጋር ሲያገናኛት፣ "እማዬ፣ ታምታን ሜዳ ላይ ላገኛት ነው!" ብላ ጮኸች።

ፍጹም ቅጣት ምቱን ወደ ግራዋ መታሽው። ጉልበቷን ከታመመች ወዲህ ወደ ግራ ራሷን መወርወር እንደሚያቅታት ከቤተሰባችን በቀር የሚያውቅ አልነበረም። እናንተ አለፋችሁ፤ እሷ ጓንቷን ምድጃ ውስጥ ከተተችው።

"ታምታ አውቃ ነው?" ስትለኝ፣ "ረስታው ነው" ብዬ ዋሸኋት።

እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጥሽ፣ ልጄ። እባክሽ ደውዪላትና አንቺም እንደኔ ዋሺያት።