ጣሪያችን ላይ ላረፉት ክቡር ሊቀመንበር

ይድረስ ለሕንፃችን ነዋሪዎች ማኅበር ክቡር ሊቀመንበር
ግልባጭ፦ ደረጃውን ለሚወጣና ለሚወርድ ሁሉ

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ስለ ጤናዎ እጠይቃለሁ። ወገብዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎስ? ከመንገድ ተነሥቶ እስከ ጣሪያ በየቀኑ መውጣት በእርስዎ ዕድሜ ቀላል እንዳልሆነ ስለማውቅ፣ ደረጃው እንዲያጥርልዎ፣ ነፋሱ ወረቀትዎን እንዳይበትንብዎ፣ ከላይ ሆነው ቁልቁል ሲያዩንም እንዳያዞርዎ ከልብ እመኛለሁ። እኛ ከታች ያለነው፣ ልብሳችን አልደርቅ ከማለቱ በቀር ደህና ነን።

ይህን የምጽፍልዎ በየእሑዱ ከሰዓት በኋላ በስብሰባ አዳራሹ ፊልም ሲታይ ማይክሮፎን ይዤ እተረጉም የነበርኩት፣ የመጨረሻው ፎቅ ላይ የምትኖረው የልብስ አጣቢዋ የእህት ልጅ ነኝ። ትምህርቴን መንገድ ላይ ጥዬው ስለመጣሁ አጻጻፌ ቢንጋደድ ይታገሡኝ። እንግሊዝኛዬንም ቢሆን ከፊልም ላይ ለቃቅሜ ያገኘሁት ስለሆነ፣ ያልገባኝን ቦታ ከራሴ እየጨመርኩ እንደማልፍ እርስዎም ያውቁ ነበር፤ እያወቁም ይስቁ ነበር። እንዲያውም አንድ ጊዜ "ከፊልሙ ይልቅ ይሄ ልጅ ይሻላል" ብለውኛል። ያን ጊዜ ጣሪያው የሁላችንም ነበር።

ምስጋናዬና አቤቱታዬ እንደ እርጥብ ልብስ ስለተጠላለፉብኝ፣ በተቻለኝ መጠን ለያይቼ እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ሰጡን ትምህርት። ፊልሙን ላላዩ ጎረቤቶች ባጭሩ ለማስረዳት ያህል፣ የራሱን ዓለም ውሃ ጠጥቶ የጨረሰ ሕዝብ አዛዥ፣ ከተማ በሚያህል መርከብ መጥቶ ሐይቅ ያላት ፕላኔት ላይ ያርፋል። ሐይቁ ዳር መረብ የምትጠግን አንዲት አሮጊት ያገኛል፤ ፊት ለፊቱ ቆማ እያየችውም "ይህ ምድር ባዶ ነው" ብሎ ያውጃል። እኛ ያልተማርነው "ሌባ!" ብለን ጮኽን። እርስዎ ግን ፊልሙ ሲያልቅ መብራት አስበርተው፣ ኮትዎን ቆልፈው፣ "ቶሎ አንፍረድ" አሉን። አዛዡ ክፉ ሰው እንዳልሆነ፣ ሁለት ገጽ ያለው ሰው እንደሆነ፣ ኪሱ ውስጥ የታመመች ልጁን ፎቶ ይዞ የሚዞር አባት መሆኑን እንዳንረሳ፣ ሕዝቡ በውሃ ጥም እያለቀ እጁን አጣጥፎ መቀመጥ እንደማይችል በሰፊው አስረዱን። ፀጉር አስተካካያችን ዓይኑን ሲጠርግ አይቻለሁ። እኔም ብሆን ከጩኸቴ ግማሹን ዋጥኩት። ለዚህ ትምህርት ያለኝ ምስጋና ወሰን የለውም፤ ኋላ በተግባር ጭምር እንደሚያስተምሩን ግን አልጠረጠርኩም።

ሁለተኛ፣ ስለ ጀርባዎ። አክስቴ እርጥብ አንሶላ ታቅፋ ከጣሪያው ስትወርድ ተንሸራታ እግሯን በሰበረች ጊዜ ሊፍቱ እንደ ልማዱ ቆሞ ነበር፣ እኔም እንደ ልማዴ ቤት አልነበርኩም። እስከ ታች ድረስ አዝለው ያወረዷት እርስዎ ነዎት። ዘበኛው ላግዝዎ ሲል "ዞር በል፣ ትወድቅብናለች" አሉት። በመኪናዎ ሐኪም ቤት ወስደው፣ እኔ እስክደርስ ድረስ ላብዎን እየጠረጉ ኮሪደሩ ላይ ቆመው ጠበቁኝ። ይህችን አንቀጽ ስጽፍ አልቀለድኩም፤ ቢፈልጉ አገላብጠው ይዩአት፣ ከጀርባዋ ምንም የለም። አጥንቴ ድረስ የሚያናድደኝም ይኸው ነው።

ሦስተኛ፣ ስለ ጣሪያው። የማኅበሩ ቢሮ ምድር ቤት ሳለ ግድግዳው ውስጥ ያለው ቧንቧ ያንጠባጥብ እንደነበር፣ ቧንቧ ሠራተኛውም "ጋሼ፣ ይሄ ነገር አንድ ቀን ያጥለቀልቅዎታል" ባለዎት ቁጥር "እናየዋለን" ይሉት እንደነበር ሁላችንም እናውቃለን። አዩት። ወንበሩ ተንሳፈፈ፣ መዝገቡ ራሰ፣ የራስዎ ዓለም አበቃለት። አክስቴ እግሯን በጄሶ ታስራ ተኝታ ሳለች እርስዎ ጓዝዎን ይዘው ጣሪያው ላይ አረፉ። የማስጫ ገመዷን ቆርጠው፣ መቆንጠጫዎቿን አንድም ሳያስቀሩ በፌስታል ሰብስበው፣ ስላሳዩን ጨዋነት እግዜር ይስጥዎና፣ በራችን ላይ አንጠልጥለውልን፣ የቆርቆሮ ቢሮ አቁመው የጣሪያውን በር በጓጉንቸር ቁልፍ ከረቸሙት። ለምን ብለን ስንጠይቅዎ ደረጃው መሀል ቆመው "ቦታው እኮ ባዶ ነበር፤ የሚጠቀምበት ሰው አላየሁም" አሉን።

ክቡር ሆይ፣ አልዋሹም። የምትጠቀምበትን ሴትዮ አዝለው ያወረዱት ራስዎ ስለሆኑ፣ ባዶ መሆኑን ከእርስዎ የተሻለ የሚያውቅ ሊኖር አይችልም።

ከዚያ ወዲህ ልብስ የምናሰጣው በአልጋውና በምድጃው መካከል ነው። እኔ የምተኛው የሌላ ሰው ሱሪ ፊቴ ላይ እየተንጠባጠበ ነው። ፀሐይ ያላየ ልብስ ደግሞ ሳሙና ቢጨምሩለት፣ ካውያ ቢያሳልፉበት ሽታው አይለቅም። ያ ለአዛዡ ያለቀሰው ፀጉር አስተካካይ ፎጣውን አንሥቶ አሸተተና "እትዬ፣ ይሄን ደንበኛ ፊት ላይ ማድረግ ይከብደኛል" ብሎ ሌላ አጣቢ ያዘ። ለአክስቴ አላለቀሰም፤ ምናልባት የእሷ ታሪክ ሙዚቃ ስላልነበረው ይሆናል። እሷ እግሯን በርጩማ ላይ ዘርግታ፣ ሳፋውን ጎኗ አስጠግታ፣ የቀሩላትን ጥቂት ደንበኞች ልብስ እየጨመቀች፣ እኔ በተናደድኩ ቁጥር "ቶሎ አትፍረድ፤ ያ ሰውዬ ባይኖር እዚያው ደረጃ ላይ ነበርኩ" ትለኛለች። ፊልሙን ሳታይ ትምህርትዎ ገብቷታል።

አራተኛ፣ "ትርጉም አበላሽቷል" ስለተባልኩበት ክስ። ጣሪያውን ከያዙ በኋላ በታየው የፊልሙ ሁለተኛ ክፍል አዛዡ አሮጊቷ ቤት ውስጥ ቆሞ ረጅም ንግግር ያደርጋል። እውነቱን ለመናገር የመርከቡ ሞተር እየጮኸ አንድም ቃል አልሰማሁም። ስለዚህ እንደ ወትሮዬ ከራሴ ጨመርኩ፤ ምላሴ ላይ ቅርብ የነበረውም ይህ ነው፦ "ቦታው እኮ ባዶ ነበር፤ የሚጠቀምበት ሰው አላየሁም። መቆንጠጫሽን በፌስታል አድርጌ በርሽ ላይ አንጠልጥዬልሻለሁ።" መጀመሪያ ከኋላ አንድ ሰው በሳቅ ፈነዳ፣ ቀጥሎ ሁሉም። እርስዎም ከፊት ወንበር ብድግ ብለው "እኔ እንዲህ አላልኩም!" ብለው ጮኹ።

ክቡር ሆይ፣ ስምዎን እኮ ማንም አልጠራም ነበር። ስክሪኑ ላይ የነበረው አዛዡ ነው።

ማይክሮፎኑን ነጥቀው አሰናበቱኝ፤ በሚቀጥለው እሑድም ራስዎ ተረጎሙ። አዛዡ የቱንም ያህል ቢናገር "አዛዡ አዝኗል" ብቻ እያሉ ስለነበር፣ ሕዝቡ የሰውዬው ኀዘን እስኪያልቅ እያዛጋ ጠበቀ። ደረጃ ሲወጡ የመርከቡን የማረፊያ ሙዚቃ በአፋቸው የሚያጅቡልዎትን ሕፃናት እኔ እንዳስተማርኳቸው የሚወራውም ሐሰት ነው። ዜማውን ብቻ ነው ያስተማርኳቸው፤ ሰዓቱን የመረጡት ራሳቸው ናቸው።

አምስተኛው አቤቱታ አይደለም፤ ጨርቅ እየጨመቅሁ ያሰብኩት ነገር ነው። ፊልሙን የሠሩት ሰዎች ለአዛዡ የታመመች ልጅ ሰጡት፣ ፎቶ ሰጡት፣ ሲተክዝ የሚያበራለት ጨረቃ ሰጡት። ለአሮጊቷ ስም እንኳ አልሰጧትም። እሷም እኮ የታመመ ሰው ይኖራት ይሆናል፤ የማትረሳው ጥፋት፣ የምትደብቀው ተንኮል ይኖራት ይሆናል፤ ማን ጠየቃት? ሁለት ገጽ የሚታደለው መርከብ ላለው ሰው ብቻ ነው። እኛ አንዷን ገጽ ይዘን በር ላይ ቆመን እናያለን። ምንም ደግነት የሌለው ክፉ ቢሆኑልኝ ኖሮ ሥራዬ ቀላል ነበር፤ እንዲህ ያለው ሰውዬ ፊልሙ ሳያልቅ ይወድቃል። አክስቴን ያዘለ ጀርባና ገመዷን የቆረጠ እጅ የአንድ ሰው ሲሆን ግን ምን እንደማደርግ ብዙ ቀን ተጨነቅሁ። በመጨረሻ ወሰንኩ፦ ጀርባዎን አመሰግናለሁ፤ እጅዎን አልምርም።

በመጪው ቅዳሜ በሚደረገው ጠቅላላ ጉባኤ ጣሪያው ለዘለቄታው የማኅበሩ ቢሮ እንዲሆን ሕዝቡን እጅ ሊያስወጡ እንደተዘጋጁ ሰምተናል። ከዚያ በኋላ አክስቴ ሳፋዋን ሽጣ የሰው ቤት ሠራተኛ ለመሆን ቤት ታፈላልጋለች፤ በአንድ እግሯ። ይህንንም ሲናገሩ "ለጋራ ጥቅም" እንደሚሉት ስለማውቅ፣ ድምፅዎ እንዳይዘጋ የሞቀ ውሃ ይጠጡበት ዘንድ በትሕትና እመክራለሁ።

ወንበርዎን በጎተቱ ቁጥር ከኮርኒሳችን የሚረግፈውን አቧራ በታላቅ አክብሮት በራሴ ላይ የምቀበል፣ ጫማዎ ወዴት እንደሄደ ሳልወድ የማውቅ፣ የክብርዎ የቅርብ ጎረቤትና የተባረረ ተርጓሚ፣

የአጣቢዋ የእህት ልጅ

ከፊርማዬ በኋላ ትዝ ያለኝ፦ ለቅዳሜ የሚለብሱት ነጭ ሸሚዝዎ እንደ ወትሮው እኛ ቤት ነው። አክስቴ ውለታዎን ስለማትረሳ ከሁሉ አስቀድማ አጠበችውና እንዳይሸት ለአንድ ሸሚዝ ብቻ በሚበቃው የመስኮታችን ፀሐይ ላይ ላውጣው አለች። "ነፋስ ይወስደዋል" ብዬ ተከላክዬ፣ በአልጋውና በምድጃው መካከል ያሰጣሁት እኔ ነኝ። ቀጥ አድርጌ ተኩሼዋለሁ፤ ሲያዩት ወተት ነው። አዳራሹ ሞልቶ፣ ሙቀቱ ጨምሮ፣ እጅዎን አንሥተው ስለ ጣሪያው መናገር ሲጀምሩ ግን ከፊት የተቀመጡት ሽታውን ወዲያው ይለዩታል፤ የራሳቸው ልብስም እንደዚያው ነውና። ሌላ ልልበስ እንዳይሉ፣ የቀሩትም ሸሚዞችዎ እዚያው አጠገቡ ተሰቅለዋል። አንድ ቀን ፀሐይ ቢያገኙ ሁሉም ይስተካከሉ ነበር፤ ለሁሉም የሚበቃው ፀሐይ ግን ያለው ጣሪያው ላይ ነው፣ የጣሪያው ቁልፍም እርስዎ ኪስ ውስጥ ነው። እኔ መርከብ የለኝም፤ ያለኝ ሸሚዝዎ ነው። ክፉ ሰውም አይደለሁም፤ የአክስቴን ፎቶ ኪሴ ውስጥ ይዤ ነው የምዞረው። እባክዎ፣ ቶሎ አይፍረዱብኝ።