ሜክሲኮ ግድግዳ ላይ የተለጠፈው ፎቶዬ

ሰኞ

እኔው ነኝ። ሜክሲኮ ከባቡር ወርጄ ወደ ታክሲ ሰልፉ ስሄድ ግድግዳ ላይ ተለጥፌ አየሁኝ። ጥቁር ጋውን፣ የተጣጠፉ ክንዶች፣ ያ የውሸት ሳቄ። ከሥሩ «ቆጵሮስ ሄደው ይማሩ!» ይላል።

ጋውኑ የሰው ነው። ከኋላዬ ያለው በር የሌላ ዩኒቨርሲቲ በር ነው። የእኔ «ኮሌጅ» ከጎማ መሸጫ በላይ ያለች አንዲት ፎቅ ነበረች። ፎቶውን ለሚኪ የላክሁት እኔ ራሴ ነኝ፤ እሱ ቆጵሮስ የላከኝ ደላላ ነው። «ለማስታወሻ» ብሎ ለምኖኝ ነበር።

ጥግ ጥጉን በጥፍሬ ልልጠው ሞከርኩ። እምቢ አለ። አንዲት ሴትዮ «ምን ሆነሽ ነው?» ስትለኝ ጥዬው ሄድኩ።

ማክሰኞ

ባሰ። የጎረቤታችን የእትዬ አልማዝ ልጅ ቃልኪዳን በዚያው በሚኪ በኩል ልትሄድ ነው። ፓስፖርቷን ሰጥታዋለች። በር ላይ አግኝታኝ ጥምጥም አለችብኝ፤ «እንዳንቺ ልሆን ነው!» እንደኔ! ፈገግ አልኩላት፤ ያንኑ የፎቶውን ፈገግታ። ራሴን ተጸየፍኩት።

ከተመለስኩ አራት ወር ሆነኝ። ለሰው የማወራው ባሕሩን፣ ንጹሑን መንገድ፣ የፈረንጅ ጓደኞቼን። ያላወራሁት፦

– አስተማሪ በሳምንት አንዴ፣ እሱም ሲመቸው።
– ለዘጠኝ ሴት አንድ መታጠቢያ ቤት። ፍሳሹ በፀጉር ተደፍኖ፣ እስከ ቁርጭምጭሚት በሰው እጣቢ ውስጥ ቆሞ መታጠብ።
– ሆቴል ውስጥ የሰካራም ቱሪስት ትውከት ስጠርግ መክረሜ። ሽታው ሳላስበው ይመጣብኛል። ዛሬ ምሳ ላይ መጣ፤ ሽሮውን ገፋሁት።

ረቡዕ

ለአባቴ ነገርኩት። ሁሉንም። ጡረታ እስኪወጣ ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት የሠራ፣ የሐሰት ምስክር ሲነሳ እንኳ ፊቱ የሚቋጠር ሰው ነው። ይጮህብኛል ብዬ ነበር። እሱ ግን ጋዜጣውን አጥፎ፣ «ለሌላ ሰው ተናግረሻል?» አለ።

«አልተናገርኩም።»

«እንግዲያው እዚሁ ይቅር። ማኅበርተኛው ፊት ምን ብዬ እቆማለሁ?»

«ቃልኪዳንስ፣ አባዬ?»

«እሷም እናት አላት።»

ከዚያ መታጠቢያ ቤት ይልቅ ይሄ አቅለሸለሸኝ። የገዛ አባቴን እንዲህ ማለቴ… ይቅር ይበለኝ። ግን አቅለሸለሸኝ።

ሐሙስ

ሄድኩ። እትዬ አልማዝ ምስር ይለቅማሉ፣ ቃልኪዳን አጠገባቸው ስልኳን ትነካካለች። ሳልቀመጥ ጀመርኩ። ቃልኪዳን መጀመሪያ ሳቀች። ከዚያ ፊቷ ጠቆረ።

«አንቺ ሄደሽ ስታበቂ እኔን ልታስቀሪ? ምቀኛ!»

እትዬ አልማዝ ትሪውን አስቀመጡ። «ፎቶው ታዲያ፣ ሰብልዬ?»

«ውሸት ነው፣ እትዬ።»

ለማንም ያላሳየሁትን ሌላ ፎቶ ከስልኬ አወጣሁ። እዚያ እተኛበት የነበረው ክፍል፣ በሻጋታ የጠቆረው ግድግዳ፣ ሥሩ የተነጠፈው ፍራሼ። እትዬ አልማዝ አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። ቃልኪዳን አላየችም። በሩን ደርግማ ወጣች።

ማታ አባቴ ሰማ። ራቱን ይዞ ወደ ክፍሉ ገባ።

ዓርብ

ቃልኪዳን ጧት በራችን ላይ ቆማለች። ሰላምታ የለም። «ፓስፖርቴን ላመጣ ነው። ነይ።»

ሜክሲኮ ያለው ቢሮው ስንገባ ሚኪ «የኛ ጀግና!» ብሎ ሊያቅፈኝ እጁን ዘረጋ። ያ ሽቶው! ወደኋላ ሸሸሁ። ፓስፖርቱ ኤምባሲ ነው አለ። ቃልኪዳን ወንበር ስባ ተቀመጠች፤ «እስኪመጣ እጠብቃለሁ።» ተራ የሚጠብቁ ሦስት ልጆች ነበሩ። እኔም ለእነሱ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ ስለ ጎማ መሸጫው ማውራት ጀመርኩ። ገና መታጠቢያ ቤቱ ጋ ሳልደርስ ፓስፖርቱ ከመሳቢያ ወጣ። አንዷ ልጅ ተከትላን ወጣች።

ፎቶዬን ግን ከግድግዳው አላነሳም አለ። «ወደሽ ነው የላክሽው» አለኝ። እውነቱን ነው፤ እሱ ነው የሚያንገበግበኝ።

አባቴ ዛሬም አላናገረኝም።

ከሜክሲኮ በእግራችን ተመለስን። ልደታ ቤተ ክርስቲያን ጋ ተሳልመን ስናልፍ ነው ቃልኪዳን አፏን የከፈተችው።

«በመጀመሪያው ወር ለምን አልተመለስሽም?»

«የሸኘኝ ሰው በዝቶ» አልኳት። «በሁለት ሚኒባስ ነው ቦሌ ድረስ የሸኛችሁኝ። ምን ይዤ ልመለስ?»

ፓስፖርቷን ቦርሳዋ ውስጥ ከታ ዚፑን ዘጋች።

«እኔን ገና ማንም አልሸኘኝም» አለች።