ለማንም የማንነግራት ከተማ

ታዬ ሆዴ፣

ካንተ ከተለየሁ ሁለት ፋሲካ አለፈ። ጤናህን አልጠይቅህም፤ ያለኸው ሳልም ድካምም በሌለበት ነው። እኔም ደህና ነኝ። ስትለየኝ እንዲህ ብዬ እጽፍልሃለሁ ብዬ አላሰብኩም ነበር።

የምጽፍልህ ጀሞ፣ አራተኛ ፎቅ፣ አንድ እግሩ አጭር የሆነው ጠረጴዛችን ላይ ሆኜ ነው። አንተ አጥፈህ ከሥሩ ያስገባሃት ካርቶን እስካሁን አለች። ቤቱ ግን ግማሹ በማዳበሪያና በፌስታል ተቋጥሯል። ነገ ልሄድ ነው። ከተማዋን አገኘኋት።

ጡረታ ከወጣህ ጀምሮ በዓል ባለፈ ቁጥር አውቶቡስ ተሳፍረን ስንፈልጋት የኖርነውን ከተማ ነው የምልህ። ደረትህ የጀሞን አቧራ አልችል ሲል፣ አየሩ የተራራ ቧንቧው የከተማ የሆነ ቦታ አለ ብለህ ድርቅ አልክ። የትም ስንደርስ ጫማህን ሳታወልቅ መጀመሪያ ቧንቧ ነበር የምትከፍተው። አንዷ ጋ ቧንቧው ኩህ ኩህ ብሎ አየር ብቻ ሲተፋ፣ ይቺስ ከኔ ብሳ ታስላለች ብለህ ሳቅክ። ሌላዋ ሁሉ ነገር ሞልቶላት ኔትወርክ የላትም፤ ሰው ሁሉ ቤተ ክርስቲያኑ በር ድረስ ወጥቶ እየጮኸ ይደውላል። ባንድ ከሰዓት የከተማውን ሰው ጓዳ ሁሉ ሰምተን ተመለስን። አንዷ ደግሞ ሐኪም ቤቷ ተሠርቶ ሐኪሙ ገና አልመጣም ነበር። ስንመለስ ታክሲ ውስጥ ተጣብበን፣ ስናገኛት ለማንም አንናገርም፣ ከሰማ ሁሉም ጎርፎ ጀሞን ያደርጋታል ትለኝ ነበር። ቃሌን ጠብቄ ስሟን እዚህም አልጽፈውም። አንተ ከላይ ሆነህ ታያታለህ።

ካንተ በኋላ ፍለጋውን ትቼው ነበር። ባለፈው ክረምት ልጃችን ሰላም ለሥራ ወጥታ ከአንዲት ተራራ ላይ ካለች ከተማ ደወለችልኝ። ሆቴል እንደገባች ሳታስበው መጀመሪያ ቧንቧ ከፍታ እጇን ከሥሩ እንዳደረገች ስትነግረኝ፣ ያንተ ልጅነቷ ትዝ ብሎኝ ሳቄ መጣ፣ እንባዬም መጣ። ለፍልሰታ ጾም ልሞክራት ብዬ አንድ ክፍል ተከራየሁ።

ሁሉም አለ፣ ታዬ። ሐኪሙ ከነነጩ ጋወኑ አለ። መብራቱ አይጠፋም፣ ኔትወርኩ አልጋ ላይ ድረስ ይመጣል፣ ዳቦ ቤቱ ጠዋት ጠዋት መንገዱን ያውደዋል። የደረስኩ ቀን የጀሞ ልማድ ይዞኝ ባልዲውን፣ ሳፋውን፣ ድስቱን ሁሉ ውሃ ሞላሁት። አከራዬ ወይዘሮ ብርቄ ገብታ አየችና የማን ዝክር ልታወጪ ነው ብላ ጠየቀችኝ። ውሃ ይሄዳል ብዬ ነው ስላት፣ ወዴት ይሄዳል አለችኝ።

አንድ ነገር ግን አንተም እኔም ያን ሁሉ ዓመት ፈትሸነው አናውቅም። እድር። አንተ ያረፍክ ቀን ነጠላዬን ሳላዘቅዝቅ የብሎካችን እድር ድንኳኑን መኪና ማቆሚያው ላይ ተክሎ ነበር። ስንት ቀን አንድ ብርጭቆ እንኳ አላነሳሁም። እዚያ ግን ማን ያውቀኛል? ሰላምም በስልክ፣ እማዬ እዚያ ማን ይቀብርሻል ስትለኝ ፈራሁ። ሻንጣዬን እንደገና መሸከፍ ጀመርኩ።

በዚያ ሳምንት ከታችኛው ሰፈር አንድ ሰው ሞተ። ስሙን እንኳ አላውቀውም። ለቅሶ ሰምቶ መቅረት አልሆንልህ አለኝና ሄጄ ጥግ ላይ ተቀመጥኩ። ሚስትየው እየደጋገመች ሳልህን ከበር እሰማው ነበር፣ ሳልህ የት ሄደ ስትል ያንተ ሳል ጆሮዬ ውስጥ ገባ። ከዚያ በኋላ ማን ያቁመኝ! ሴቶቹ መንገድ ለቀው ከሚስትየው ጎን፣ ዘመድ ከሚቀመጥበት ፍራሽ ላይ አስቀመጡኝ። ከአዲስ አበባ ትመጣለች የተባለችው የሟች እህት እኔ መስያቸዋለሁ ለካ! ደግፈው ውሃ አጠጡኝ፣ እኔም በለቅሶዬ መሀል ማስረዳት አቃተኝ። ለሠልስት እውነተኛዋ እህት ስትደርስ ነገሩ ወጣ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ሚስትየው ግን ከቀብሩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ ብላ እጄን ያዘችና፣ ተዉአት፣ ከእህቱ ይልቅ ያለቀሰችው እሷ ናት አለች።

ሰላም ይህን ስነግራት ሆዷን ይዛ ሳቀችና፣ በቃ ሂጂ አለችኝ። ከፉሪ ኪራይ ቤቷ ወጥታ እዚህ ትገባለች። የውሃ በርሜሉን ትቼላታለሁ፣ እሷ ታስፈልጋታለች። በረንዳው ላይ በዘይት ጣሳ ከተከልካት ጽጌረዳ አንድ ቅርንጫፍ ቆርጬ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልያለሁ። መቃብርህንም አልተውኩትም፤ በወር በወሩ ለገብርኤል ካረፍክበት ቤተ ክርስቲያን እየመጣሁ፣ ጸሎቴን ስጨርስ ካንተ ጋ ቁጭ ብዬ የከተማዋን ወሬ እነግርሃለሁ። እኔ በሕይወት እስካለሁ አትረሳም።

አንዱን ነገር ለመጨረሻ አቆይቼልሃለሁ። ከሠልስቱ በኋላ ባለው እሁድ የእድሩ ሰብሳቢ እትዬ አለሚቱ አስጠርታኝ፣ ካለቀስሽልን ወዲያ የኛ ነሽ አለችኝ። ቤት ውስጥ ስንት ናችሁ ብላ ስትጠይቀኝ ሳላስበው ሁለት አልኳት። ባለቤትሽ የታል አለችኝ። ጀሞ አይደለም፣ ገብርኤል ነው ያለው አልኳት፤ ገባት። መዝገቡ ላይ ጻፈችና፣ ሁለት ይሁን፣ ሙት ዓመቱንም አብረንሽ እንቀመጣለን አለችኝ።

ስለዚህ ታዬ፣ ነገ ብቻዬን አልሄድም። እዚያ ሁለት ነን።

ያንተው ዘነበች