የእሑድ ጥገና

መስከረም 10፣ 1979 ዓ.ም. (ቅዳሜ)

ነዳጅ ልቀዳ ሄጄ ተዋርጄ መጣሁ።

ከዚያ ሁሉ ሰልፍ በኋላ ተራ ደረሰኝ። የነዳጅ ኩፖኔን ሰጠሁ። ቀጂው የቧንቧውን አፍ ሊያስገባ ቢል እምቢ። ገፋው፣ አዞረው... አልገባም። የመኪናዋ አፍ ጠባብ ነው! ከኋላ ያለው ሁሉ ክላክስ በክላክስ።

"ጋሼ፣ ይቺ መኪና ጡጦ ነው እንዴ የምትጠባው?" አለኝ። ሰው ሳቀ። በመጨረሻ የዘይት ጣሳ ቀዶ ጠቅልሎ በዚያ አንቆረቆረልኝ። ግማሹ ጫማዬ ላይ ነው የፈሰሰው።

በእርዳታ ሥራ መጥቶ የነበረ አሜሪካዊ አገሩ ሲገባ የሸጠልኝ መኪና ናት። "ድምፅ የላትም" ብሎ ነው ያሞገሳት። ድምፅስ በእውነት የላትም። ባለቤቴ ውብነሽ የወደደቻትም ለዚሁ ነው። ለምን እንደሆነ ነገ እጽፋለሁ... ወይ አልጽፍም።

መስከረም 11 (እሑድ)

እጽፈዋለሁ። ለማን ልናገር?

እሑድ እሑድ ለነዳጅ ቁጠባ ሲባል መኪና በተራ ነው የሚነዳው፤ አንድ እሑድ ሙሉ ቁጥር ሰሌዳ፣ አንድ እሑድ ጎደሎ። የኛ ጎደሎ ነው። ዛሬ ተራችን ስለነበር ውብነሽን ይዤ ወጣሁ። ከሀና ማርያም አባባ ዳባን ጫንን፣ ጎፋ፣ የእምነት እህታቸው እፀገነት ቤት አደረስን። መንግሥት የጴንጤዎቹን ጸሎት ቤት ከዘጋ ወዲህ ተደብቀው የሚጸልዩት እዚያ ነው። ውብነሽ ከአርባ ምንጭ ስትመጣ ይዛው የመጣችው እምነት ነው፤ ሳገባት አውቃለሁ። ለሚጠይቅ ሰው "ለቅሶ ልንደርስ" ነው መልሳችን።

አባባ ዳባ ሰባኪያቸው ናቸው። ሁለት ዓመት ታስረዋል። እግራቸውን እዚያ ነው ያበላሹባቸው፤ ከበር እስከ በር እንኳ ተደግፈው ነው። "ሁለተኛ ከተያዙ በሕይወት አይወጡም" ትላለች ውብነሽ።

እኔ አልገባም። መኪና ውስጥ ጋዜጣ አነባለሁ። ሾፌር ነኝ፣ በቃ። አንድ ነገር ግን ቁርጥ አድርጌ ነግሬያታለሁ፤ ቤቴ እንዳታመጪያቸው። ሥራዬንም ቤቴንም አጣለሁ።

መስከረም 18

የሙሉዎቹ ተራ። ተመስገን። ተኛሁ።

ጥቅምት 9 (እሑድ)

አባባ ዳባን ይዘን ከጎፋ ስንመለስ፣ በሰፈራችን አልፌ ወደ ሀና ማርያም ላዞር ስል፣ ዳገቱ ላይ መኪናዋ ታፈነች። ብረግጥ አትሄድ። የታነቀ ሰው ነው የምትመስለው።

ማን ይምጣ? ሂርጳ። ጎረቤታችን፣ የቀበሌው አብዮት ጠባቂ። ጠመንጃውን ጀርባው ላይ አዙሮ ይገፋ ጀመር።

"ማን ሞቶባችሁ ነው?"

"የሩቅ ዘመድ" አለች ውብነሽ።

"ባለፈውም የሩቅ ዘመድ ነበር።"

"ዘመዶቻችን በዙ" አልኩ እኔ። ምን ዓይነት መልስ ነው? አባባ ዳባ ከኋላ ባርኔጣቸውን ዓይናቸው ድረስ ደፍተዋል። ሂርጳ "እግዜር ያጥናችሁ" ብሎ ገፋ።

ጥቅምት 13

መካኒኩ ሁንዴሳ ጋ አደረስኳት። ካንዴላ ቀየረ። ካርቡራተር አጠበ። ያው ናት። ከሥር ገባ፣ ቆየ፣ ጭንቅላቱን ብቻ አወጣ።

"ጋሼ፣ ሆዷ ሥር ሣጥን አለ።"

"የምን ሣጥን?"

"እኔ ምን አውቄ። ቀልቶ ፍም መስሏል። ፈረንጁ ሥራው ምን ነበር?" ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ሬዲዮ ነገር እንዳይሆን..."

ይሄ ብቻ ነበር የቀረኝ! ሰላይ ተብዬ ልታሰር። እንዳታወራ አልኩት። ማለቴ ራሱ አስጠረጠረኝ መሰለኝ።

ጥቅምት 14

መሥሪያ ቤቴ ንድፍ ክፍል አብሮኝ የሚሠራው አቶ እንግዳ ውጭ ተምሮ የመጣ ነው፤ ጠየቅኩት። ሳቀብኝ። ሬዲዮ አይደለም። በነሱ አገር የመኪና ጭስ የሚያጣራ ሣጥን ነው፣ ሕግ አለ፣ ያለሱ አይነዳም። ችግሩ፣ ሣጥኑ የሚስማማው እርሳስ የሚባለው ብረት ያልገባበት ቤንዚን ነው። የኛ ቤንዚን ውስጥ ግን እርሳስ አለ። ያ ውስጡ እየተለጠፈ ይደፍነዋል። የማደያው ቧንቧ እንዳይገባ አፏን ያጠበቡትም ሰው ተሳስቶ እንዳይቀዳባት ነው።

"እርሳስ የሌለው ቤንዚን የት ነው የሚገኘው?"

"እዚህ የለም።"

"ታዲያ ምን ላድርግ?"

"መግዛት አልነበረብህም።"

አመሰግናለሁ አልኩት። ሌላ ምን ይባላል?

ቤት ገብቼ የነዳጅ ክዳኗን ከፍቼ አየሁ። በእንግሊዝኛ ተጽፏል፣ እርሳስ የሌለው ቤንዚን ብቻ። ስገዛት አንብቤዋለሁ እኮ። ቤንዚን ያው ቤንዚን ነው ብዬ አለፍኩት። እንግዲህ የሌላ አገር ሕግ ተሸክማ የመጣች መኪና ናት፤ ሕጉን የሚጠይቃት በሌለበት፣ ቤንዚኑም በሌለበት።

ጥቅምት 18

ሁንዴሳ ሣጥኑን ቆርጦ ጣለው። መልካም። ግን ሲቆርጥ ከኋላው ያለው፣ ድምፅ የሚያፍነው ማርሚታም በዝገት ተበልቶ ኖሮ እጁ ላይ ፈረሰ። "ማርሚታ የለም ጋሼ፣ ከየትም አይገኝም" ብሎ ባዶ ቧንቧ በየደ።

ዳገቱን እንደ ነብር ወጣችው። ድምፁ ግን... ላፍቶ ቤቴ ደጅ ሲነሳ ጎፋ ይሰማል። ውብነሽ በር ላይ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ጠበቀችኝ።

"ተሠራች የምትለኝ ይቺን ነው?"

ጥቅምት 23 (እሑድ)

ተራችን ነው። ወሰድኳቸው። ምን አማራጭ አለ?

እፀገነት በር ስንደርስ ሰፈሩ በሙሉ አጥሩ ላይ ወጥቶ አየን። አባባ ዳባ ከኋላ፣ "አምሐ ልጄ፣ ዛሬ በመለከት ነው ያመጣኸን" አሉኝ። እሳቸው ይቀልዳሉ! የሚታሰሩት እሳቸው፣ የሚንቀጠቀጠው እኔ።

እፀገነት በሩን ገርበብ አድርጋ፣ "በጌታ፣ ሁለተኛ በዚህች አትምጡ። ጎረቤቴ የቀበሌ ሰው ነው" አለች። እውነቷን ነው። ሊጸልዩ የመጡት እዚያው ተበተኑ። ቤቷም ከእንግዲህ ለጸሎት አይሆንም።

ኅዳር 3

የቦሎ ምርመራ። እንደ ወጉ ተቀያሪ ጎማ ከአንዱ፣ እሳት ማጥፊያ ከአንዱ ተውሼ ሄድኩ። ማርሚታ ግን አይዋሱት። መርማሪው አስነሳት ሲለኝ አስነሳሁ፤ ጆሮውን ያዘ፣ ከዚያ አፍንጫውን።

"ማርሚታ አስገጥመህ ተመለስ። እስከዚያ መንገድ እንዳትወጣ።"

ልክ ነው፤ እኔም ብሆን አላሳልፋትም። ስለ ሣጥኑ ይጠይቀኛል ብዬ መልስ አዘጋጅቼ ነበር። ራሴ አነሳሁለት። "የምን ሣጥን?" አለኝ።

ግቢዬ ውስጥ አቆምኳት።

ኅዳር 7 (እሑድ)

ተራችን ነበር። መኪና ግን የለም።

ውብነሽ በእግሯ ሀና ማርያም ድረስ ሄዳ አባባ ዳባን አይታ መጣች። ለብሰው፣ ባርኔጣ አድርገው፣ በር ላይ ወንበር አውጥተው ተቀምጠው ነበር አለችኝ። ተራችን ነው፣ ሌላ ቤት ተገኝቶ ይሆናል ብለው። መኪናዋ መቆሟን የነገራቸው የለም።

ራት አልበላ አለኝ።

ኅዳር 11

እሺ አልኳት። ቤታችን ይምጡ።

አለቀሰች። ተናደድኩ።

"ሲዘመርስ? የሂርጳ ቤት እኮ ከአጥሩ ወዲያ ነው" አልኳት።

"ቀስ ብለን እንዘምራለን።"

እነሱ? ቀስ ብለው? ጎፋ መኪና ውስጥ ሆኜ መስኮት ዘግቼ ይሰማኝ ነበር እኮ። ድምፅ የሚሸፍን ነገር ያስፈልጋል... ቀና ብል ግቢው ውስጥ ያቺ ጉድ ቆማለች።

ኅዳር 14 (እሑድ)

እጄ እስካሁን ቤንዚን ቤንዚን ይላል።

አንድ በአንድ፣ በየአቅጣጫው መጡ። አባባ ዳባ በጋሪ ላይ፣ ከድንች ጆንያ ጋር። ሳሎኔ ሞላ። እኔ ቱታ ለብሼ፣ ኮፈን ከፍቼ፣ መፍቻ ይዤ ግቢ ቀረሁ። ሲጀምሩ አስነሳኋት። ድምፃቸው ከፍ ሲል የካርቡራተሩን ሽቦ ሳብ አድርጌ ሞተሩን አስጮኻለሁ፣ ዝቅ ሲል ለቀቅ። የወር ኩፖኔ ጭስ ሆኖ ሲወጣ ቆሜ አየሁ። ጭሱ ደግሞ ወደ ሳሎን ይገባል፤ ከውስጥ ሳል ይሰማኛል። አጥፍቼ ላዙራት? እንዴት ብዬ? እየዘመሩ ነው።

የግቢው በር ተከፈተ። ሂርጳ ከነጠመንጃው።

"ጋሽ አምሐ፣ እሑድ እኮ ነው። ልጆቼ በጭስ አለቁ።"

"ምን ላድርግ፣ ቦሎ ከለከሉኝ።"

ይሄዳል ብዬ ስጠብቅ ጠመንጃውን ግድግዳው ላይ አስደግፎ እጅጌውን ሰበሰበ። "ምኗን ነው?"

"ስትረገጥ... ትታፈናለች።"

"ታዲያ ብቻህን እየረገጥክ እንዴት ልታይ ነው? ልርገጥልህ።"

ገብቶ የሾፌር ወንበር ላይ ተቀመጠ። ኮፈኑ ውስጥ ጎንበስ ብዬ የማይፈታውን እፈታለሁ። "ርገጥ" ስለው ይረግጣል፤ "ልቀቅ" ስለው ይለቃል። ላቤ ሞተሩ ላይ እየተንጠባጠበ ይጨሳል።

ከዚያ ዝማሬው በአንዴ ከፍ አለ። ርገጥ ልል አፌን ስከፍት... ረገጠ። እኔ ምንም ሳልል። ዝማሬው ዝቅ አለ፣ ለቀቀ። እንደገና ከፍ አለ፣ ረገጠ። ከኮፈኑ ጎን ቀና ብዬ አየሁት። በጎኑ መስኮት ግቢውን ያያል፤ ወደኔ አያይም። እሱ ያለበት ወንበር ከሳሎኑ መስኮት ሥር ነው። መስማቱን ይሰማል።

ከዚያ በኋላ ርገጥም ልቀቅም አላልኩትም። መፍቻዬን ይዤ ቆምኩ። እሱ ረገጠ፣ እሱ ለቀቀ፣ እስኪያበቁ ድረስ።

ቤቱ ጸጥ ሲል ሞተሩን አጥፍቶ ወረደ። ጠመንጃውን አነሳ።

"አልተሠራችም" አለ።

"አልተሠራችም" አልኩ።

"በአንድ ቀን የምትሠራ አይደለችም። በሚመጣው እሑድ እመጣለሁ።"

በሩ ጋ ሲደርስ ዞረ።

"ጭራዋን ግን ወደ መንገዱ አዙራት። ሽማግሌው ሲስሉ ነበር።"

ሁሉም ከሄዱ በኋላ ውብነሽ መሪ ያዘች፣ እኔ ገፋሁ። አዞርናት።