ፍሬኑን ያራሰው ዘይት

ጥቅምት 28፣ ጠዋት

ደብተሬ፣ ከሁሉ በፊት ይህን ያዝልኝ። የኋላ ጎማ የዘይት ማገጃ ቀለበት ከንፈሩ ወደ ውስጥ፣ ወደ ዘይቱ ነው የሚዞረው። ካረጀ ወይም ተገልብጦ ከገባ ዘይቱ አምልጦ የፍሬኑን ሸራ ያርሳል። ሸራው የራሰ መኪና አይቆምም። ባለቤቴ ዓለም በአገሯ በሞጣ ያልተቀበረችው በዚህ ነው።

የመኪናችንን ግራ ኋላ በክሪክ አንሥቻለሁ። ከፊት ጎማዎቹ ሥር ድንጋይ። የፍሬኑ ከበሮ ወርዷል። ሸራው ጥቁር፣ ቅባት በቅባት። ዘይት የጠጣ ሸራ አይድንም። አዲስ ማገጃና ሸራ እንዲልክልኝ ሞጣ፣ ጀማል ዘንድ ደወልሁ።

ጥቅምት 30

ዕቃው በጠዋቱ አውቶቡስ ደረሰ። ጀማል እንደ አባቱ መለዋወጫ ይሸጣል፤ ሱቁ ከዓለም ታላቅ እኅት፣ ከእትዬ ጥሩ፣ ደጅ ፊት ለፊት ነው። እትዬ ወገባቸው ከተጎዳ ወዲህ መቀመጥ አይችሉም፤ ለቀብሩም አልመጡም። የእኛ መኪና ግን አልጋ አለው። የመንገድ ሥራ ፈረንጅ ደጀን ላይ ሸጦልን የሄደ አሮጌ፣ ምድጃ ሳይቀር ያለው። ጡረታ ስንወጣ አገር ልናይበት ነበር። አሁን እትዬን አስተኝቼ ለተዝካሩ ላመጣቸው፣ መቃብሯን ላሳያቸው አሰብሁ።

ጀማል መልእክቴን ለእትዬ አድርሷል። መልሱን ለመናገር አፈረ። አስጨንቄ አወጣሁት።

«"ለሬሳዋ ያልተነሣ መኪና ለእኔ ተነሣ?" ነው ያሉት፣ ጋሼ። መቼም ያውቋቸዋል።»

አውቃቸዋለሁ። እውነትም አላቸው። ዓለም የለመነችኝ አንድ ነገር ነው፤ ከአባቷ አጠገብ መተኛት። ያን ቀን ሬሳ የሚጭን ሌላ መኪና ለምኜ አጣሁ። የእኛው ቁልቁለት ላይ አይቆምም። እዚሁ ቢቸና ቀበርናት።

ኅዳር 1

ኩሽኔታውን በናፍታ አጥቤ፣ አድርቄ፣ ግራሶ በመዳፌ ሞላሁበት። ማገጃው የሚያርፍበትን ቦታ በጨርቅ፣ ከዚያ በጣቴ ፈተሽሁ። ጭረት የለም። ከንፈሩን ቀባሁ። በመዶሻ በቀጥታ አይመታም፤ ይጣመማል። የአሮጌ ዴስክ ጣውላ አስደግፌ ቀስ ብዬ መታሁ። ከላይ፣ ከታች፣ ከግራ፣ ከቀኝ፤ እንደ ማማተብ። እኩል ገባ። ቀኙም እንዲሁ።

ዓለም ብትኖር ባትሪ ይዛልኝ ትቆም ነበር። «መምህር፣ ጎማ ነው ወይስ ፈተና የምታርመው?» ትለኝ ነበር። ዛሬ ባትሪውን በጥርሴ ያዝሁ።

ኅዳር 3

እስከ ደጀን መንገድ መገንጠያ ነድቼ ተመለስሁ። ጎማው ውስጥ ለውስጥ ዘይት አልቧል። አዲሱ ማገጃ! አዲሱ ሸራ!

ጣውላውን ወረወርሁት። ከዚያ ሄጄ አነሣሁት።

ኅዳር 4

ፈታሁት። ከንፈሩ በትክክል ወደ ውስጥ ነው። አልተጣመመም። ታዲያ ዘይቱን ምን ገፋው? ሥሩ ገብቼ በጀርባዬ ተኛሁ። የኋላው አክሰል አናት ላይ ትንሽ መተንፈሻ አለች። ዘይቱ ሲሞቅ አየሩ የሚወጣው በእሷ ነው። ከተዘጋች አየሩ ዘይቱን በማገጃው በኩል ገፍቶ ያስወጣዋል።

ተደፍናለች። በጧፍ ሰም። ጥንቅቅ ተደርጋ፣ በአውራ ጣት ተጭና። አሻራው ላይ ቀጭን መስመር አለ። ዓለም ጎመን ስትከትፍ ቢላ የቆረጣት ጠባሳ ነው።

አሁን ትዝ አለኝ። ክረምት መግቢያ ላይ ከመኪናው ሥር ስትወጣ አይቻታለሁ፤ ነጠላዋ ጭቃ ሆኖ፣ እየሳቀች። «እኔም መካኒክ ሆንሁልህ፤ ዝናቡ አይገባበትም» አለችኝ። ስለ መስኮቱ መስሎኝ እግዜር ይስጥሽ አልኋት።

ሥሩ እንደተኛሁ ዋልሁ። ሰሙ ካልተነሣ እትዬ አይመጡም። ከተነሣ አሻራው ይጠፋል። በምላጭ ሳይሰበር ላወጣው ሞከርሁ።

ተሰበረ።

ኅዳር 6

መተንፈሻዋ ተከፍታለች። ከጀማል ሌላ አስልኬ ሸራውን እንደገና ቀየርሁ። ያንኑ መንገድ ነድቼ ተመለስሁ። ጎማውን በነጭ ጨርቅ ጠረግሁት፤ ጨርቁ ነጭ ነው። ቁልቁለቱ ላይ ፍሬን ረገጥሁ፤ ቆመ። አሁን ቆመ። ያን ጊዜ መሪው ላይ ተደፍቼ አለቀስሁ። ከኋላ የመጣ የጭነት መኪና ጡሩንባ ነፋብኝ።

ሰሙን ለእትዬ አልነግራቸውም። ይህን ወስኛለሁ። በእኔ ይዘኑ፤ በእሷ አይዘኑ። ጀማል እንዲያነብላቸው የምልከው ይህ ነው፦

«እትዬ፣ ያሉት ልክ ነው። መኪናው ለእሷ አልደረሰም። ፍሬኑ አሁን ይይዛል፤ በእጄ ሠርቼ፣ ፈትሼ አይቻለሁ። አልጋውን አንጥፌዋለሁ፤ ትራሱ የእሷ ነው። እየተኙ ይመጣሉ፣ እየተኙ ይመለሳሉ። መቃብሯ አጠገብ ሰድበውኝም ቢሆን ይሂዱ። ብቻ እሺም ይሁን እንቢ፣ እባክዎ፣ ቶሎ ይመልሱልኝ።»